የጎረቤቴ ልጅ ናት

«ኧረ ይቺ ልጅ አሁንም አላለቀሰችም!» አለች አንዷ ለቀስተኛ ወደ ባልንጀራዋ ጆሮ ጠጋ ብላ።

«ተያት እስቲ፤ ድንጋጤ ይሆናል።»

«የምን ድንጋጤ? ሁለተኛ ቀኗ እኮ ነው! የእናቷን መርዶ ሲነግሯት ‹እፎይ› አለች አሉ። ራሳቸው መርዶ ነጋሪዎቹ ናቸው የሰሙት።»

«በስመ አብ!»

ሹክሹክታ ይባላል እንጂ የደሴዋ ሆጤ ሰፈር ሴት ስታንሾካሹክ መንገድ ዳር ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው ይሰማታል። ጽናት ደግሞ እዚያው አጠገባቸው ፍራሽ ላይ ነበረች። ሁሉንም ሰማች። ጥቁር ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሳብ አደረገችና የንፍሮውን ሰሃን ወደ ሴቶቹ ገፋ አደረገችላቸው።

«ብሉ እንጂ፤ ሽንብራው ጥሩ በስሏል» አለቻቸው።

ሴትየዋ አፈረች። ግን በላች።

ነገሩ ሐሜት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ አልነበረም። ጽናት የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ከማሽን የወረደውን ጣቃ እየዘረጋች ጉድለቱን ትለያለች። መርዶ እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረውና በሯ ሲንኳኳ ገና ፊቷን አልታጠበችም ነበር። ስትከፍት ኑርሁሴን ቆሟል። ከኋላው የሆጤ ቅሬ፣ የዕድሩ ማለት ነው፣ ሽማግሌዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተደርድረዋል። ኑርሁሴን፣ ያሳደጋት ሰው፣ ከደሴ የሀረጎን ቁልቁለት በጨለማ ወርዶ መጥቷል፤ ሚስቱ ሱልጣና ግን አብራው የለችም። ከዚህ ወዲያ ማሰብ አልቻለችም።

«እትዬ!» ብላ ጮኸች። «እትዬ ሱልጣና! ወይኔ! ወይኔ እትዬን!»

መሬት ላይ ወደቀች። ፊቷን ልትነጭ ስትል ሽማግሌዎቹ ተረባርበው እጇን ያዙ።

«ያረቢ! ሱልጣና ደህና ናት!» አለ ኑርሁሴን ተደናግጦ። «ወላሂ ደህና ናት ልጄ፤ ቤት ድንኳን እያስተከለች ነው። ያረፉት እናትሽ እማሆይ ናቸው። ታመው ነበር አሉ። ትናንት እዚያው ገዳሙ ውስጥ ተቀበሩ።»

«እፎይ» አለች ጽናት።

ወጣባት በቃ። ከአፏ ሲወጣ እሷም ሰማችው። ኑርሁሴን ያልሰማ ለመምሰል ሳል አመጣ፤ ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ከእነሱ አንዱ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ነገራት፤ ከዚያ በኋላማ ነገሩ የሆጤ ሆነ።

ለቅሶው የተቀመጠው ደሴ፣ ኑርሁሴን ግቢ ውስጥ ነው። የመነኩሴ ለቅሶ እስላም ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ሲያይ «እንዴት?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ብቻ ነው። ልጅቱ ያደገችው እዚያ ነው፤ ሌላ ወዴት ይሄዳል? ቅሬው የሁሉም ነው፤ ድንኳኑም የሁሉም ነው። እትዬ ሱልጣና ጓዳዋን ከሁለት ከፍላ፣ የክርስቲያኖቹን ድስትና ጭልፋ ለብቻው አስቀምጣ፣ የራሷ ሰው በስህተት እንዳይነካው ቆማ ትጠብቃለች። እሷ እንዲህ ናት።

ከሰዓት በኋላ ልጇ ዊዳድ መጥታ ከጽናት ጎን ተቀመጠች። እኩያሞች ናቸው፤ ከአንድ ሰሃን በልተው፣ በአንድ ብርድ ልብስ ተጎታትተው ነው ያደጉት።

«ሽንኩርት ላምጣልሽ እንዴ?» አለቻት በጆሮዋ።

«አታስቂኝ። ሳቄ ከመጣ ሴቶቹ በቁሜ ይቀብሩኛል።»

«እኔ እንኳ ለእማሆይ አለቀስኩ እኮ። ወላሂ። አንቺ ምን ሆነሽ ነው?»

«አንቺማ ምን አለብሽ። እናትሽ ጓዳ ናት።»

ዊዳድ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የኮምቦልቻውን ነገር ለእማ ንገሪያት። ብቻሽን ይዘሽው አትችይም» አለቻት።

«አልነግራትም። ከሰማች በዓይኗ አታየኝም።»

የኮምቦልቻውን ነገር ከመንገር በፊት ግን እናትየዋ ማን እንደነበረች መናገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ልጅቱን ክፉ ናት ብሎ መፍረድ ይመጣል።

ትርንጎ ትባል ነበር፤ ሳቂታ፣ ቀይ፣ ብርቱ ሴት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መኪናው ገደል ገብቶ እሱ ሲሞት ትርንጎ ሳቋን ከእሱ ጋር ቀበረችው። ከዚያ በኋላ የነበራት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው፤ ኪዳኑ፣ ሰዓታቱ፣ ማኅሌቱ። ጽናት ከትምህርት ቤት ስትመጣ በሩ ተቆልፎ ታገኘዋለች። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትጠብቃለች፤ የደሴ ብርድ ደግሞ ይታወቃል። ሱልጣና ከአጥሩ ማዶ ታያትና «ነይ ግቢ አንቺ፣ ልትደርቂ ነው?» ትላታለች።

አንድ ቀን ትርንጎ ልጇን በእጇ ይዛ መጣች። «ሱባኤ ልገባ ነው፤ ሳምንት ያዥልኝ» አለቻት ሱልጣናን።

ሱልጣና «እሺ» አለች። ሳምንቱ አለፈ፤ ወሩም አለፈ፤ ዓመቱም እንዲሁ።

ሰፈሩ መከረ። ሰፈር መምከር መቼ ይታክተዋል! «አስልሚያት፤ አንድ ጊዜ ትገላገያለሽ» ያሏት ነበሩ። «ለዘመዶቿ ስጫት» ያሏትም ነበሩ፤ ዘመዱ ግን የት አለ? ሱልጣና ለሁሉም መልሷ አንድ ነበር። «አማና ነው። እንዳስረከበችኝ ነው የምመልስላት።»

እንዳስረከበችኝ ማለቷ የምሯን ነው። እሁድ እሁድ ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሳ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ታደርሳታለች፤ ራሷ በር ላይ ትቀራለች። ሁዳዴ ሲገባ ለልጅቱ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስት ታወጣለች። ረመዳን ላይ ቤቱ ሁሉ ጾሞ እሷ ለጽናት ምሳ ትሠራለች። ፋሲካ ሲደርስ ዶሮ ገዝታ ለክርስቲያን ጎረቤት ትሰጥና አሳርዳ፣ አሠርታ ታመጣላታለች፤ ሽታው ግቢውን ሲሞላው እሷ አፏን አታደርግም።

አንድ አረፋ ዊዳድ ከእነሱ ሥጋ ቆርሳ ጽናትን አጎረሰቻት። ሱልጣና ደረሰችባቸው። ዊዳድን አንድ ጊዜ በጥፊ አላሰችና በማግስቱ ጽናትን እየጎተተች ቄሱ ዘንድ ሄደች።

«አባ፣ ሥጋ በልታብኛለች። የእኛን» አለች ከበሩ ውጭ ቆማ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አላስተዋልኩም።»

ቄሱ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፍነው ለልጅቱ ትንሽ ስግደት አዘዙላት። ማታ ጽናት ስትሰግድ የምትቆጥረው ሱልጣና ነበረች። «የመጨረሻዋ ግንባርሽ አልነካም፤ ድገሚ» ትላታለች። ዊዳድ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ትንከተከት ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ወሬ መጣ። ትርንጎ ልትመነኩስ ነው፤ በገዳሙ ንግሥ ዕለት ቆብ ትጭናለች። ሱልጣና ስንቅ ቋጥራ፣ ጽናትን ይዛ ተነሳች። በመኪና ሄደው፣ ከዚያ ቁልቁለቱን በእግር ወርደው ደረሱ። ሱልጣና እንደ ልማዷ ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቀረች። ጽናት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ በሰው መሃል እየተሽሎከለከች ገባች።

እናቷን መሬት ላይ ተጋድማ አገኘቻት። ከእግር እስከ ራሷ በነጭ ጨርቅ ተከፍናለች። ካህናቱ ዙሪያዋን ከብበው፣ ያንን ለአባቷ የተዜመውን ዜማ ያዜማሉ፤ ልጅቱ ዜማውን አልረሳችውም። የሚመነኩስ ሰው ለዓለም ሞቷል ተብሎ በቁሙ ፍታት እንደሚደረግለት ማን ነገራት? «እማዬ ሞተች!» ብላ ጮኸች። ምዕመናኑ ያዟት። «ዝም በይ ልጄ፤ ይሄ እኮ ሰርግ ነው» አሏት። ሰርግ! ያን ቀን ያለቀሰችውን ለቅሶ ከዚያ በኋላ በዕድሜዋ አላለቀሰችም።

ሥርዓቱ ሲያበቃ እናቷ ቆቧን አድርጋ ተነሳች። ጽናት ሮጣ ቀሚሷ ላይ ተጠመጠመች። ረጅም፣ ቀጭን እመምኔት ቀረብ ብለው «ይቺ ልጅ የማን ናት?» ብለው ጠየቁ።

ትርንጎ ወደ በሩ አየች። ከበሩ ማዶ ሱልጣና ሻሿን እያስተካከለች ቆማለች።

«የጎረቤቴ ልጅ ናት» አለች። ቀሚሷንም ከልጅቱ እጅ አላቀቀች።

በመመለሻው መንገድ ሱልጣና «ምን አለችሽ?» ብላ ስትጠይቃት ጽናት «ምንም» አለች። ከዚያ ወዲህ ለጠየቃት ሁሉ መልሷ «እናቴ ሞታለች» ነው። አደገች፣ ሥራ ያዘች፣ ኮምቦልቻ ቤት ተከራየች። በጦርነቱ ሰሞን ሁለቱ ከተሞች ሲጨነቁ፣ ሰው ልጁን ፍለጋ ሐርቡ ድረስ በእግሩ ሲኳትን፣ ከዚያ ገዳም «ልጄ በሕይወት አለች ወይ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ይህን ጽናት አልረሳችውም።

አሁን የኮምቦልቻው ነገር። ባለፈው ዓመት ነው፤ ሙቀቱ ቆርቆሮ በሚያንጨረጭርበት ሰዓት በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት አንዲት አሮጊት መነኩሴ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እስከ ጉልበታቸው አቧራ ናቸው።

«ጽናቴ» አሉ።

አወቀቻቸው። ገና ሳይናገሩ ነው ያወቀቻቸው። ግን እንደ ባዕድ፣ በአንቱታ፣ «ማንን ፈልገው ነው?» አለቻቸው።

«ልጄን።»

«ተሳስተው ይሆናል እማሆይ። የእኔ እናት ሞታለች። ፍታቷ ላይ ቆሜ ነበር።»

መነኩሴዋ ብዙ ሊናገሩ የመጡ ይመስሉ ነበር። «ልክ ነሽ» ብቻ አሉ።

ጽናት በሩን ዘጋች። ከበሩ ኋላ ቆማ የበትሩን ድምፅ እስኪጠፋ ሰማችው። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ምንም አላላትም። ለዊዳድ ብቻ ነገረቻት። ለእትዬ ሱልጣና እንዴት ትናገር? ያቺ ሴት ደጇ የመጣ ሰው መልሳ አታውቅም።

ሠልስቱ ዕለት ረፋድ ላይ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው በአንዴ ከመቀመጫው ተነሳ። ረጅሟ እመምኔት መጥተዋል። ጎብጠዋል፤ ግን ያው ናቸው። ሌሊት ተነስተው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ከዚያ በሚኒባስ ነው የደረሱት። ሰው መስቀላቸውን ለመሳለም ሲሻማ እሳቸው ዓይናቸው ጽናትን ይፈልጋል።

እትዬ ሱልጣና ሳሎኗን ከፈተችላቸው። «እማሆይ፣ ሽሮ አለ፤ የጾም ነው። ከክርስቲያን ቤት ነው የመጣው፤ ድስቱም የእነሱ ነው፤ ልቤን ጥዬ ነው የምሰጥዎት» አለች ገና ሳይቀመጡ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከልጅቱ ጋር ሳልነጋገር አልቀምስም» አሉ። «ብቻዋን ነበር የፈለግኋት።»

«እትዬ ትቀመጥ» አለች ጽናት። «እሷ የሌለችበት ነገር አልሰማም።»

ተቀመጡ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ውጭ ያሉት ሴቶች አንገት ሁሉ ወደዚያ ዞሯል።

«ታውቂኛለሽ?» አሉ እመምኔቷ።

«አውቅዎታለሁ። ‹ይቺ ልጅ የማን ናት?› ያሉት እርስዎ ነዎት።»

አሮጊቷ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ነኝ።»

«ምንድን ነው ነገሩ?» አለች ሱልጣና።

«በእኛ ገዳም» አሉ እመምኔቷ ቃላቸውን እየመረጡ፣ «ያላሳደገችው ልጅ ያላት ሴት አትመነኩስም። በሩ ላይ ትጠየቃለች። ልጅ አለሽ? አለኝ ካለች ወደ ልጅሽ ተመለሺ እንላታለን። እግዚአብሔር ከሕፃን የተነጠቀች እናት አይፈልግም። ትርንጎ ስትጠየቅ ‹ባሌም ልጄም ሞተዋል› አለች።»

«አስተግፊሩላህ!»

«ኋላም ቆብ በጫነች ዕለት ይቺ ልጅ ቀሚሷን ይዛ አለቀሰች። ‹የማን ናት?› ብላት ‹የጎረቤቴ ልጅ ናት› አለችኝ።»

ሱልጣና ወደ ጽናት ዞረች። «አንቺ! ይሄን ሁሉ ዘመን ሳትነግሪኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ እትዬ? ውሸት አልነበረም እኮ።»

ሱልጣና እጇን ጭኗ ላይ መትታ «ወይ አንቺ ልጅ» አለች።

«እኔም አውቄያለሁ» አሉ እመምኔቷ። «ግንባሩ አንድ፣ ዓይኑ አንድ። አየሁና ዝም አልኩ። ገዳሙን ገና እያቀናን ነበር። ድንጋይ የምትሸከም፣ ውሃ የምትቀዳ፣ ሌሊቱን ቆማ የምታነጋ፣ እንደ እሷ ያለች ብርቱ ከየት ትገኛለች? ለእግዚአብሔር ቤት ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ በር ጠባቂ አደረግኋት። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ እግር ሴት ልመንኩስ ብላ መጣች። ትርንጎ እንደ ደንቡ ‹ልጅ አለሽ?› አለቻት። ሴትየዋም ‹አለኝ፤ ለጎረቤት ሰጥቻት ነው የመጣሁት› አለች። ትርንጎ ስንቅ ሰጥታ መለሰቻት። ከዚያ መጥታ እግሬ ሥር ወደቀች፤ ሁሉንም ነገረችኝ።»

«ከዚያስ?» አለች ሱልጣና።

«ሂጂ፣ ልጅሽን ይቅርታ ጠይቂ፤ እሷ ይቅር ሳትልሽ ቁርባን አትቅረቢ አልኳት። ሄዳ ተመለሰች። ‹ምን አለችሽ?› አልኳት። ‹እናቴ ሞታለች አለችኝ፤ እውነቷን ነው› አለች።»

ሱልጣና ጽናትን አየቻት፤ ጽናት ቀና አላለችም።

«ከቤቴ በር መለስኳት እትዬ» አለች። «ግቢ እንኳ አላልኳትም። ይኸው፤ አሁን ሰማሽ።»

እመምኔቷ ቀጠሉ። «ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ሲገባ እሷ ደጅ ትቆማለች። ዝናብም ሆነ ውርጭ። ትኩሳቱ ሲጸናባት ካህኑ ሥጋ ወደሙን ይዘው መጡ፤ ለሚሞት ሰው አይከለከልም። ‹ልጄ ይቅር ሳትለኝ አልቀበልም› አለች። ለመንኳት። ተቆጣኋት። አዘዝኳት። እሺ እንጂ እምቢ ብላኝ አታውቅም ነበር። እንዲሁ አረፈች።»

ሳትቆርብ መሞት ለአንዲት መነኩሴ ምን ማለት እንደሆነ ሱልጣና ሳትቀር ታውቃለች። ጽናትማ እንዴት አታውቅ! ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«እና አሁን የእኔ ጥፋት ሆነ?» ብላ ጮኸች። «በሕይወቷ ጣለችኝ፤ ስትሞት ደግሞ ነፍሷን አሸከመችኝ! ከእኔ ይልቅ ልጁን የሚወድ ለእኔ አይገባም ይል የለ መጽሐፉ? ይሄን ቃል በሰማሁ ቁጥር እኮ በሆዴ ‹ልክ ነበረች› እላለሁ። እግዚአብሔርን አስቀድማ ነው፤ እኔ ነኝ ሁለተኛ የሆንኩት እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እግዚአብሔርን እንደ እንጀራ እናት ቆጥሬ ስቀናበት ነው የኖርኩት! እናቴን የወሰደብኝ እሱ ነው ብዬ! አሁን መጥተው ውሸት ነበር ይሉኛል?»

«ውሸት ነበር» አሉ እመምኔቷ። «እሱ አልወሰደብሽም። እግዚአብሔርን የሚያስቀድም ሰው በእግዚአብሔር ደጅ ላይ አይዋሽም። ባሏ ከሞተ በኋላ አንቺን ስታይ እሱን እያየች፣ መተንፈስ አቅቷት ነው የሸሸችው። ራሷ ናት የነገረችኝ። ሽሽቷን ፍቅር ብላ ጠራችው፤ እኔም አብሬ ጠራሁት። ያንን ቃል አንብበን አንብበን የሚስማማንን ነው የወሰድነው።»

መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«መንገዱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ነው የመጣሁት። ልጇን ትታ ወደ ቁርባን መጣች። ኋላ ደግሞ ለልጇ ብላ ቁርባኑን ተወች። የትኛው ነው እሱን ማስቀደም? የተቀየመህ ሰው ትዝ ካለህ መባህን እዚያው ትተህ ሂድ፣ መጀመሪያ ታረቅ ያለው ራሱ ነው። ሁለተኛው ይመስለኛል። ይመስለኛል እንጂ አላውቅም። ነፍስ ነው፤ እፈራለሁ።»

ጽናት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«እኔም የምናገረው አለኝ» አለች ሱልጣና። «ሰዉ ሱልጣና ከአንጀቷ ወዳ አሳደገቻት ይላል። ጽኑዬ፣ ውሸት ነው። መጀመሪያ አልወደድኩሽም።»

«እትዬ!»

«ስሚኝ። አፍሽ አይከፈት፣ ሌሊት ሌሊት ታለቅሻለሽ፣ ልጆቼን ታስነሻለሽ። ስንት ጊዜ ‹ይቺ ሴት ምን ዕዳ ጣለችብኝ› ብያለሁ! አላህን ፈርቼ ነው የያዝኩሽ። ነገ ፊቱ ስቆም ‹አማናዬን የት አደረግሽ?› እንዳይለኝ። ፍቅሩ ኋላ ነው የመጣው፤ መቼ እንደመጣ እንኳ አላውቀውም።»

«አሁን ይሄን ምን አስነገረሽ?» አለች ጽናት ዓይኗ እየቀላ።

«እናትሽ ለአላህ ብዬ ብላ ተወችሽ፤ እኔም ለአላህ ብዬ ያዝኩሽ። አላህ ደግሞ አንድ ነው። ስለዚህ አንዳችን ተሳስተናል። እሷ መሳሳቷን አውቃ እስከ ደጅሽ መጥታለች። አብሽሪ ልጄ፤ አንቺም ልጅ ነሽ፤ ተናደሽ ነው። ግን ተናደሽ አትኑሪ።»

እመምኔቷ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። የሚሄዱ መስለው ነበር። በትሩን ግን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀስ እያሉ፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ወደ መሬት ዝቅ አሉ።

«እሷን ይቅር ማለት ካቃተሽ አላስገድድሽም» አሉ። «አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝና እኔን ግን ይቅር በይኝ።»

«ኧረ በአላህ እማሆይ! ኧረ በነቢ!» ብላ ሱልጣና በአንድ ብብታቸው ገባች፤ ጽናትም ሳታስበው በሌላው። አንስተው ሶፋው ላይ አስቀመጧቸው። ላባ ያህል እንኳ አይከብዱም ነበር።

ጽናት ፊታቸው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ውጭ የቅሬው ሰዎች ወንበር ሲቆጥሩ ይሰማል።

«ትኩሳቱ ሲይዛት» አለች በመጨረሻ፣ «ውሃ ማን ነበር የሚያጠጣት?»

እመምኔቷ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቁም። «እኔ» አሉ።

«ትጠጣ ነበር?»

«ኋላ ኋላ ጉሮሮዋ ዘጋ። ጣቴን ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ከንፈሯን አርስላት ነበር።»

«በየትኛው እጅዎ?»

አሮጊቷ ግራ ገባቸው። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ የተሰነጣጠቀ፣ እንደ ገበሬ እጅ የሻከረ ነው። ጽናት በሁለት እጇ ተቀበለችው። አየችው። ከደረቷ የወጣው ድምፅ ድንኳኑ ድረስ ተሰማ። ውጭ ያሉት ሴቶች «አለቀሰች! አለቀሰች!» እየተባባሉ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ።

እትዬ ሱልጣና ቀድማ ደረሰችና በሩን በላያቸው ዘጋችው።

ጽናት የአሮጊቷን ጣቶች ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«እማዬ» አለች ለጣቶቹ። «ይቅር ለእግዚአብሔር።»